ጎመን በጤና

ስሙን ያወጣለት የልጅ ልጄ ነው፣
ጎመን አለው፣ ሥጋ በሉን አውሬ፣ ሳቅ እየቀደመው።
"አባባ፣ ሁለት ወር አደራ" አለኝ፣
ቦርሳውን አዝሎ በር ላይ ሲሰናበተኝ።
ወታደር ነውና፣ ሁለት ወሩ ሆነ አንድ ዓመት ከመንፈቅ፤
ከሙጭልጭላ ጋር ቀረሁ፣ ኪርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ሙጭልጭላ ሲባል እኔ የማውቀው ድሮ፣
ቀጭን ነው፣ እንደ ውሃ የሚፈስ በጓሮ፣
በዶሮ ቤት ሽንቁር ገብቶ የሚወጣ፣
ባለቤቱ ዱላ ይዞ እስኪመጣ።
ይሄኛው ግን ያውላችሁ፣ ከሶፋው ሥር ጭንቅላቱን ሰዶ፣
ሆዱ ደጅ ቀርቶበት፣ እንደ ዱባ ከብዶ።

ጥፋቱ የኔ ነው።
ሐኪሜ ዳቦና ጣፋጭ ሲከለክለኝ፣
አፌ እሺ ብሎ፣ እጄ እምቢ አለኝ።
የሰንበቱን ዳቦ፣ ዘቢቡን፣ ቴምሩን፣
የጎረቤት ልጆች ያራገፉትን ብስኩት ፍርፋሪውን፣
"ብላ ጎመን፣ አንተን ማን ከለከለህ" እያልኩ፣
በሱ አፍ በላሁ፣ በሱ ሆድ ጠገብኩ።

የእንስሳት ሐኪሟ ኖጋ አገላብጣ ዳሰሰችው፣
የጎድን አጥንቱን ፈለገች፣ አጣችው።
"ምን ይበላል?" አለች። ዘረዘርኩላት፤
ቴምሩ ላይ ስደርስ ብዕሯ ቆመባት።
"ጾም ላስይዘው?" አልኩ፣ "በጾም እኛ አንታማም።"
"የለም" አለች፣ "ይሄ እንስሳ ረሃብ አይችልም።
አንጀቱ አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፣
ሥጋ ግን፣ ሥጋ ብቻ፤ ዳቦና ፍራፍሬ ይቅር ከዚህ በኋላ።
የለመደውን በአንድ ቀን አትንጠቀው፣ በጥቂት በጥቂቱ፤
ከሳጥኑም ይውጣ፣ ይሩጥ፣ እሱ ነው መድኃኒቱ።"

ወይ ጉድ! ለኔ የታዘዘው ጎመን፣
ለጎመን የታዘዘው ሥጋ፤
አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን
ያፈጡብኛል ፍሪጁን ስከፍት፣ ሲመሽም ሲነጋ።
"ጎመን በጤና" ብሎ የተረተው ሰውዬ
እንዲህ ያለ ጎመን አላየም።

የመጀመሪያው ሰሞን የዶሮውን ልብ አሽትቶ ዞረ፣
ሳህኑን ገልብጦ፣ ጥግ ይዞ አኮረፈ።
ሌሊት በሩን ሲቧጥጥ ሰማሁት፣
ቴምር አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።
ከለመደው ጋር ለውሼ፣ በማንኪያ ጫፍ አቀመስኩት።

በስምንተኛው ቀን ሶፋውን ስገፋው፣
ጓዳውን አገኘሁ፣ የደበቀውን ሁሉ እዚያ ነው የከተተው፦
የደረቀ ዳቦ፣ የአቪሻይ አንድ እግር ካልሲ፣
የቲቪው ሪሞት፣ የቴምር ፍሬ፣
ደግሞም ለልጄ ለማንጠግቦሽ "ጠፋብኝ" ያልኳት፣
የስኳሬ ክኒን፣ ሙሉ ፓኬቷ፣ ሳትነካ አገኘኋት።
ተያየን።
ሌባው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ሐሙስ ደብሪቱ ዘንድ፣ ከጤፍ ሱቋ፣
ሚዛኑ ላይ ጋዜጣ ታነጥፋለች፣ እየመጣ ሳቋ።
"ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ። ኪሎውን በስንት ትሸጥልኛለህ?"
በሌላው ሐሙስ፣ "ሁለት ከሁለት መቶ። ኪሳራ ላይ ነህ።"
ማታ ፀሐይ ሲበርድ፣ የአሮጌ ሱሪዬን አንድ እግር
ወለል ላይ ዘርግቼ ዋሻ አደረግኩለት፤
ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ይቀረቀራል፣
እኔ በወዲያ በኩል ተንበርክኬ እጣራለሁ፣
መነሣቱ ነው የሚከብደኝ።

አንድ ዓርብ በሩ ተከፈተ፣
አቪሻይ ጠመንጃውን ሳያወርድ ጎንበስ ብሎ አነሣውና፣
"አባባ፣ ቀለለ እኮ!" አለ።
እኔ ያየሁት የልጁን አንገት ነው፣
የቀጠነውን፣ ከኮሌታው ውስጥ የሚዋኘውን።
እጄ ሳላዘው ቁም ሣጥኑ ላይ ወጣ፣
ቴምሩን ሙሉ ሳህን ይዞ መጣ።
"ብላ" አልኩት። "አንተን ማን ከለከለህ።"
ጎመን አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየን፣
ከሱሪዬ እግር ገብቶ
ሙጭልጭ አለ።